ከፎቶው የቆረጥኳቸው ሽማግሌ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለእናንተ ነው የምናገረው።

አምና አክስቴ ከኩዌት ስትመለስ ካሜራ አመጣችልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ደብረ ታቦር ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሁሉ የኔ መሰለኝ። አንድ ዘዴም ለመድኩ፤ ባጃጅ ሲያልፍ የካሜራው መዝጊያ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ አድርጌ፣ ካሜራውን ከባጃጁ ጋር እያዞርኩ አነሳለሁ። ባጃጁ ጥርት ይላል፤ ከኋላው ያለው አጥር ተጎትቶ መስመር መስመር ይሆናል። እየተንፏቀቀ የሚያልፈው ሁሉ የሚከንፍ ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ የሀብታሙን ባጃጅ እንዲህ አነሳሁት። ሀብታሙ ከገሳይ ከተማ የመጣ ልጅ ነው፤ የጋሽ ደሴን ባጃጅ ነበር የሚነዳው። ከጎኑ ዱላ የያዙ አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ፎቶው እንዲያምር ብዬ እሳቸውን ቆረጥኳቸው።

በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ የጎረቤታችን የእማማ ጥሩ በግ እግሯ ተሰብሮ ተገኘች። ማን ገጫት? ያየ የለም። መንደሩ ሹፌሩን ሁሉ በጎሪጥ ያይ ጀመር። እኔ ደግሞ ፎቶዬን ላሳይ ብዬ ወጣሁ።

«እዩት እዩት! አጥሩ እንኳ ሸሽቶታል!» አሉ እማማ ጥሩ።

«ይኼ ባጃጅ ነው አውሮፕላን?» አሉ ጋሽ ደሴ።

ሀብታሙ ወደኔ ዞረ። «እህት ዓለም፣ አንቺ እዚያው ቆመሽ ነበር እኮ። በርሬያለሁ?»

ምን ብል ጥሩ ነው? «እኔ እንጃ፤ ፎቶው ያው» አልኩ። እኔ! ያልተቆረጠው ፎቶ በእጄ በያዝኩት ካሜራ ውስጥ እያለ! እዚያ ላይ የሽማግሌው ፊት እንደ ባጃጁ ጥርት ብሏል። ካሜራው ባጃጁን ተከትሎ ሲዞር ጥርት የሚለው ከባጃጁ እኩል የሚሄድ ብቻ ነው። ሀብታሙ በሽማግሌ እርምጃ ነበር የሚነዳው። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? «ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ፎቶ ነው!» ስላሉኝ። ፍጥነቱ የእጄ ሥራ ነው ብል አድናቆቱ የሚቀርብኝ መሰለኝ።

ጋሽ ደሴ በጓን የገጨ እሱ ነው ብለው የባጃጁን ቁልፍ ተቀበሉት። ሀብታሙ ገሳይ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፎቶዬን ትኩር ብሎ ሲያይ እጠረጥራለሁ፤ ነቃብኝ ይሆን? ከሁሉ የምጠረጥረው ግን ራሴን ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ «አቤት፣ ስታሳምሪው!» የሚለኝ ነገር አለ። ያኔም ዝም ያሰኘኝ እሱው ነው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ያልተቆረጠውን ፎቶ አሳጥቤዋለሁ። ነገ ለጋሽ ደሴና ለእማማ ጥሩ አሳያለሁ፤ ከዚያ ገሳይ እሄዳለሁ። ይቅር ማለት የሀብታሙ ፈንታ ነው፤ እናንተ ቶሎ ይቅር አትበሉኝ። ፎቶው አያምርም። ሽማግሌው ግን አሉበት።