የማይደርቀው ሸሚዝ

ከድንጋይ ከሰል ማዕድኑ አጥር ሥር፣ የጉድጓዱ ውሃ ወደ ወንዙ በሚለቀቅበት ቧንቧ አጠገብ አንድ ዘበኛ ይቀመጣል። የውሃውን ጨው ልለካ በሄድኩ ቁጥር አገኘዋለሁ። ጫማው በሽቦ የተጠገነ ነው፤ የደንብ ልብሱ ግን እስከ አንገቱ ይቆለፋል። ወንዙ እግሩ ሥር እየፈሰሰ፣ ቆርቆሮ ውስጥ የተከላትን ቃሪያ በዝናብ ውሃ ያጠጣል።

«ይሄ ጨው የገባበት ማሳ ጎመኑ ከጫፉ ጀምሮ ይቃጠላል፣ እህቴ» አለኝ አንዴ። ወዲያው ደንገጥ ብሎ፣ «እኔ ምን አገባኝ! የምጠብቀው አጥር ነው» አለ። ሆድ ይፍጀው የሚል ዓይነት ሰው ነው።

አንድ አመል አለው፦ የጉድጓዱን ውሃ ወደ ወንዙ የሚገፋው ፓምፕ ሊነሳ ሲል ቀይ ሸሚዙን አጥሩ ላይ ያሰጣል። አለቃው «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሸሚዝ በእጥበት አለቀ እኮ!» ሲለው፣ «የከሰል አቧራ ነው፣ ጌታዬ» ይላል አንገቱን ደፍቶ።

ትናንት አጥሩን ስደገፍ ሸሚዙ እጄን ነካኝ። ደረቅ ነው። የውሃ ጠብታ አላየም። ወደ ታች ስመለከት፣ አንዲት ገበሬ ቀና ብላ ሸሚዙን አየችና የመስኖዋን አፍ በአካፋ አፈር ትደፍን ጀመር። ከእሷ በታች ያሉትም እየተጠራሩ ደፈኑ። መጨረሻ ላይ ያለው ሽማግሌ ብቻ የራሱን ለመድፈን ገና ይታገላል።

አለቃው መጣ። «ይሄን ጨርቅ አሁኑኑ አንሳልኝ!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ዘበኛው ቃሪያዋ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ።

«ይተዉት፣ ጋሼ» አልኩ፣ ሸሚዙን በእጄ ይዤ። «ገና እርጥብ ነው።»