ጸበል የጠጣ ሞተር

በእጅ መሥራት አእምሮን ያሳርፋል የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ናቸው። ካርቡሬተር ፈትቶ እንዲህ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ላሊበላ ባለው ግቢያችን ቁጢጥ ብዬ ሞተር ሳይክሌን በአንድ ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ ስፈታ፣ ያረፈ ነገር ቢኖር ሞተሩ ብቻ ነበር።

መልእክቱ ከገነተ ማርያም የመጣው ከዚያ ጠዋት አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ከአባቴ ጋር በአንድ የአብነት ትምህርት ቤት ያደጉት ጓደኛቸው ደክመዋል፣ እህል መቅመስ ትተዋል ተባለ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን መንገድ ከጠላ ቆይቷል። መኪና ደግሞ ያለ ገበያ ቀን አይገኝም። ስለዚህ የቀረው የእኔ ሞተር ነበር።

ጉዳዩ የበሽተኛ ጥየቃ ብቻ ቢሆን እኔም ባልተጨነቅኩ። ከዓመታት በፊት በአንድ የበዓል ማኅሌት ላይ አባቴ እኚህን ጓደኛቸውን በሕዝብ ፊት አቋርጠው፣ “ተሳስተሃል፣ መልስ” ብለዋቸዋል። ቤት ገብተው ድጓውን ሲገልጡ የተሳሳቱት ራሳቸው ሆነው ተገኙ። ይህን ለእኔ ለመንገር ብዙ ዓመት ፈጀባቸው፤ ለጓደኛቸው ግን ጭራሽ አልነገሩም። ሰውየውም ከዚያ ወዲህ ላሊበላ ለማኅሌት አልመጡም። አሁን አባቴ የፈሩት፣ ጓደኛቸው “ይፍታህ” ሳይሏቸው እንዳይሞቱባቸው ነው።

ሞተሩ ይነሳል፣ ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ይጠፋል። ካንዴላውን ነቅዬ አጸዳሁ፤ ያው ነው። ቤንዚን ከአየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር ፈትቼ በአፌ ነፋሁና ገጠምኩ፤ ያው ነው። እንደገና ፈታሁት። በዚህኛው ዙር ትዕግሥት ስላደረግኩ የታችኛውን ጎድጓዳ ክፍል ሳላፈስ አየሁት፤ ከቤንዚኑ ሥር ውሃ እንደ ዶቃ ይንከባለላል።

እኛ አገር ቤንዚን የሚገዛው ከሱቅ ጓሮ፣ በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ነው። ጥፋተኛውን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። ለሻጩ ደወልኩለት።

“ውሃ ነው የሸጥክልኝ።”

“ጋሼ፣ ውሃ ከቤንዚን በላይ በጠፋበት ሰፈር ምን በወጣኝ እቀላቅላለሁ?”

“ታዲያ ከየት መጣ?”

“እኔ እንጃ። ቤትዎን ይጠይቁ።”

ስለ ዘመኑ ሰው ኅሊና የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ፤ ለእሱ አወረድኩለትና ዘጋሁ። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጭራቸውን ይዘው ደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዝንቡን አንድ ጊዜ መለስ አደረጉና፣

“ሰውየውን ተወው” አሉ።

“እንዴት እተወዋለሁ አባዬ? ሌባ እኮ ነው።”

“እኔ ነኝ።”

“ምኑን ነዎት?”

“ጸበል ጨምሬበታለሁ። ትናንት ቤንዚን ሞልተህ ስትወጣ። መንገዱ ገደል ነው።”

“ጸበል እኮ የሚረጨው ከላይ ነው።”

“ከላይማ ረጨሁ። የሚያስኬደው ግን ውስጡ ነው ብዬ ለውስጡም ሰጠሁት። አንድ ኩባያ ብትሆን ነው።” ጭራቸውን አንዴ ወዝወዝ አደረጉና፣ “እምነትም በጥብጬበታለሁ” አሉ።

እምነት የምንለው በሽተኛ የሚቀባው ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ አመድ ነው። ከአባቴ ጋር በሃይማኖት መከራከር ከተውኩ ቆይቷል። በዚህኛው ደግሞ ሐሳባቸው እንከን አልወጣለትም፤ ሰው ሆዱን ሲታመም ጸበሉን ይጠጣል እንጂ ጀርባው ላይ አይፈስለትም። ለሻጩ ደውዬ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ለሌላ ጊዜ አቆየሁት። ይቅርታ ማቆየት በቤታችን የተለመደ ነው።

ታንኩን ገልብጬ አፈሰስኩ፤ በጠርሙስ የተረፈች ቤንዚን ነበረችኝ። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ከጤፍ የማትበልጥ ቀዳዳ በግራጫ ጭቃ ተደፍናለች። ነፋሁባት፤ አፌ ቤንዚን ቤንዚን ከማለት በቀር ለውጥ የለም። የመጥረጊያ ስንጥር ሞከርኩ፣ ውስጡ ተሰበረና እሱን በማውጣት ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሽቦ ደግሞ ቀዳዳዋ ያለችበትን ናስ ይቧጭረዋል፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ሲጨልጥ ይኖራል።

“ምን ያህል የቀጠነ ነው የምትሻው?” አሉ አባቴ።

“ፀጉር የሚያህል፣ ግን የማይበጠስ።”

ከጭራቸው አንድ የፈረስ ፀጉር ነቅለው አቀበሉኝ። አጥፌ አስገባሁት፣ ወዲያ ወዲህ አልኩት፣ ጭቃው ወጣ። ቀዳዳዋን ወደ ሰማይ አንስቼ ሳያት ብርሃን አለፈባት። ለመደሰት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ብሎኖቹን መልሼ አጠበቅኩ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ አላሳለም።

ገነተ ማርያም ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ሰውየው መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ከብርድ ልብሱ በላይ የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነው። አባቴ ራስጌያቸው ተቀመጡ።

“መጣህ?”

“መጣሁ። ፍታኝ።”

“ከምን?”

“ከማኅሌቱ ነገር። ልክ የነበርከው አንተ ነህ። ድጓውን አይቼዋለሁ።”

ጓደኛቸው ብርድ ልብሱን ከአፋቸው ገፋ አደረጉ። “የትኛው ማኅሌት?”

አባቴ ቀኑን፣ የቆሙበትን ቦታ፣ በግራና ቀኝ የነበሩትን ካህናት አንድ በአንድ ነገሯቸው። ሰውየው በትዕግሥት አደመጡ።

“አላስታውሰውም” አሉ በመጨረሻ። “ካልክ ግን እግዚአብሔር ይፍታህ። ይልቅ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተው ማነው?”

“ልጄ ነው።”

“ታጠብ በለው” አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

በመልሱ ዳገቱን አጋመስን። አባቴ ትከሻዬን ነካ አድርገው አስቆሙኝና ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“ያላስታወሰውን እንዴት ይፈታል?”

ለብዙ ነገር መልስ አለኝ፤ ለአብዛኛው የጠየቀኝ ሰው የለም። ይህን ግን ተጠየቅኩ።

“አውቀው ‘ረሳሁ’ ብለው ቢሆንስ? እርስዎን ላለማሳፈር ብለው።”

“እሱ?” አሉ። “ያደርገዋል። ድሮም እንዲያ ነው።”

ይህ ያሳርፋቸዋል ብዬ ነበር፤ ይባስ አደከማቸው።

“ነገ ድጓውን ይዤ እመለሳለሁ” አሉ። “ቦታውን ገልጬ አሳየዋለሁ። ‘አላስታውስም’ ማለት ያቅተዋል።”

“ድጓው እኮ ከባድ ነው፣ አባዬ።”

“አንተ አይደለህ የምትሸከመው?” አሉና ተነስተው፣ እስካስነሳ ድረስ ከሞተሩ ጎን ቆመው ጠበቁኝ።