ወደ ዘማሪዋ የዞሩት ስፒከሮች

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሽቦ» ይላቸዋል። አንገታቸው ላይ የተጠቀለለ ገመድ ሳይኖር መንገድ ላይ ያያቸው ሰው የለማ! ሙያቸው ሬድዮ ጥገና ነው። ዛሬ ሬድዮ የሚያስጠግን ሰው ጠፍቶ የካውያና የስልክ ቻርጀር ሐኪም ሆነው ቀርተዋል። ያም ሆኖ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ሚክሰር ኋላ ካለችው ወንበራቸው ጠፍተው አያውቁም። ወንበሯ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረ ነው። ያሰሩትም እሳቸው ናቸው።

ሚክሰሩ ላይ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚደረግባቸው ተንሸራታች ፌደሮች አሉ። ከእያንዳንዱ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእጃቸው ጽፈውበታል፤ «ኪቦርድ»፣ «ቤዝ»፣ «ሰባኪ»። በቀኝ ጥግ ያለው ግን «ልጄ» ይላል።

ጭንቁም የመጣው በዚያ በኩል ነው። ልጃቸው የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ስልሳ ሕፃናት ፊት ስትጮኽ ትሰነብትና እሑድ ትዘምራለች። መድረኩ ላይ ወደ ዘማሪዎቹ ዞሮ የራሳቸውን ድምፅ የሚያሰማቸው ስፒከር፣ ሞኒተር የሚባለው፣ ባለፈው ዓመት ተቃጠለ። ጋሽ ሽቦ ሁለት ጊዜ ጠገኑት፤ በሦስተኛው እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከኋላዋ ድራም እየተደበደበ የራሷን ድምፅ ሳትሰማ ትዘምር ጀመር። ራሱን የማይሰማ ዘማሪ ደግሞ መጮኹ አይቀርም። ጮኸች፣ ጮኸች፤ በመጨረሻ ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ አልወጣ ሲላት ሐኪም ቤት ሄደች።

ሐኪሙ የጉሮሮዋን ፎቶ አሳይቶ፣ «እባጩ ይኸውልሽ። ሁለት ወር ዝም ካላልሽ ቀዶ ጥገና ነው። ከዚያ በኋላ መዝሙሩ ቀርቶ ማስተማሩንም እንጃ» አላት።

ጋሽ ሽቦ ለመኗት። ሰው ለምነው የማያውቁት ሰውዬ።

«ልጄ፣ ሁለት ወር ምን አላት? ትምህርት ቤቱም ለዕረፍት ተዘግቷል።»

«አባዬ፣ ሐኪም ሁሉ ማስፈራራት ልማዱ ነው። ድምፄ ደህና ነው፤ ትንሽ ብርድ ነው የመታኝ።»

«ይሄ ብርድሽ ግን ዓመት ሊሞላው ነው» አሉ እናትየው ከጓዳ።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ!»

እናትየው ምላሳቸው ስለት ነው፤ ለባላቸውም አይመለሱም። አንድ ቀን ጋሽ ሽቦ ምድጃ ላይ የተጣደውን ባለ ፉጨት ማንቆርቆሪያ አፍጥጠው እያዩ፣ «ይህ ዕቃ ማፏጨት ትቷል፤ ሲበርድ ልፍታው» አሉ። ሴትዮዋ ከግቢ ሮጠው ገብተው እሳቱን አጠፉና፣ «አዎ፣ ትቷል። እኔን ከውጭ ድረስ የጠራኝ ሽታው ነው» አሏቸው። ጋሽ ሽቦ እንደ ቀልድ ቆጠሩት። ወይም እንደ ቀልድ ሊቆጥሩት ፈለጉ።

ልጅቱ ዝም ካላለች የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ራሷን የምትሰማበት ሞኒተር መግዛት። ራሷን ከሰማች አትጮኽም። ጋሽ ሽቦ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ደጋግመው ደጅ ጠኑ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «እኛ ከወንበራችን ሆነን እየሰማን፣ እነሱ አፋቸው ላይ ያለውን ድምፅ ምን ልንገዛላቸው ነው?» ብለው ስብሰባውን አሳቁት። በመጨረሻ ግን ሁለት መናኛ ሞኒተሮች የሚገዛ ብር ተፈቀደ።

ቅዳሜ ጠዋት ኪቦርድ ከሚጫወተው የባንክ ሠራተኛ ጋር ሱቅ ሄዱ። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሳ ገዢው ለመዞር መጀመሪያ መውጣት አለበት፤ ስፒከሩ እስከ ጣራ ተደርድሯል።

«በዚህ ብር ሦስት ዓይነት አለ፣ አባት» አለ ባለ ሱቁ። «ይሄ ሲያዩት ያምራል፣ ሲከፍቱት ያስነጥሰዋል፤ ለጠላቴ ነው ያስቀመጥኩት። ይሄኛው አዲስ ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ይጮኻል። ያኛው ያገለገለ ነው፣ ፊቱ ተፋፍቋል፣ ግን ጨዋ ነው።»

ጋሽ ሽቦ ስልካቸውን አወጡ። ከሦስት ዓመት በፊት ልጃቸው ስትዘምር የቀዱት አለ። በተፋፋቀው ስፒከር ሲያሰሙት ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትዘምር መሰለቻቸው። በፕላስቲኩ ሲያሰሙት ግን «ሰ» እና «ጸ» ስትል ምላሷ ጥርሷን ሲነካ ሳይቀር ተሰማቸው። ይህን ከሰሙ ስንት ዘመናቸው! ባንኮኒውን ያዝ አደረጉ።

«ይህ ነው።»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ፊቱን ጨምድዶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጆሮ ይበሳል። እስቲ ማይክ ከፍተን እንሞክረው» አለ።

«አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ስፒከር መፍታት የጀመርኩት።»

«እሱስ ልክ ነው፣ ግን...»

«ግን የለም። ጠቅልልልን!»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ ባለ ሱቁ፤ «ኋላ እንዳንቀያየም።»

«ማን ሊመልስ?»

ማይክ ሳይከፈት ሞኒተር አይገዛም። የሞኒተር ክፉ ጠባይ የሚታወቀው የራሱን ድምፅ ከማይኩ መልሶ ሲውጥና ሲያፏጭ ነው። ይህን ለስንቱ ያስተማሩት ጋሽ ሽቦ ራሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ግን የልጃቸው ድምፅ አስረሳቸው።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበር። ልጅቱ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። አባትየው ሁለቱን ስፒከሮች እግሯ ሥር አስቀምጠው ወደ ፊቷ ቀና አደረጓቸው፤ ወደ ወንበራቸው ተመልሰውም «ልጄ» የሚለውን ፌደር ወደ ላይ ገፉ።

ድራም መቺው ዱላዎቹን ጥሎ ጆሮውን ያዘ። ቤዝ ተጫዋቹ ጎንበስ አለ። ወለል የምታጸዳው ሴትዮ መጥረጊያዋን ጥላ ወደ በሩ ሮጠች። ጋሽ ሽቦ ደንግጠው ጣራውን አዩ፤ የፈረሰ ነገር የለም። በጆሯቸው አዳራሹ ጸጥ ያለ ነው። ልጃቸው እጇን ስታወዛውዝ «ጨምርልኝ» ያለቻቸው መሰላቸው። ጨመሩ።

«ጋሼ! ኧረ በእግዚአብሔር ይዝጉት!» ኪቦርድ ተጫዋቹ ዘሎ መጥቶ ፌደሩን ወደ ታች ሳበው።

«ምን ሆናችኋል?»

ሁሉም እጃቸውን አንድ በአንድ ከጆሯቸው አነሱ። ልጃቸው ፊታቸውን ትክ ብላ አየችው።

ጋሽ ሽቦ ስልካቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ወጡ፤ ባለ ሱቁ ጋ ደወሉ።

«‹ማን ሊመልስ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ አባት?»

«ነኝ።»

«ታዲያስ?»

«ጆሮዬ ነው። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። ያንን የተፋፋቀውን ስጠኝ፤ ልጄ ልትጎዳብኝ ነው።» ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

«እንዲህ ካሉኝስ እምቢ አልልዎትም ነበር። ግን እናንተ እንደ ወጣችሁ ሸጥኩት። ሌላ በዚህ ዋጋ የለኝም። ያዘንኩት ከልቤ ነው።»

ዞር ሲሉ ልጃቸው ከበላያቸው ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። አንቺስ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከማንቆርቆሪያው።»

ሊስቁ ነበር፤ አልሆነላቸውም።

«ነገ አትዘምሪ፣ ልጄ። እግርሽ ላይ ልውደቅ? ወንበሩንም እለቃለሁ፣ አንቺ ብቻ ዝም በዪልኝ።»

«ሰው ይጠብቀኛል፣ አባዬ። ሞኒተር ኖረም አልኖረም እዘምራለሁ።»

ጋሽ ሽቦ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ብሩ አልቋል፣ ጆሯቸው ከድቷቸዋል፣ ልጅቱ ደግሞ የእሳቸው ልጅ ናት፤ ግትርነቷን ከየት እንዳመጣችው ያውቁታል። በስተርጅና አንድ የሚመኩበት ነገር ነበራቸው፤ እሱም ዛሬ በሰው ፊት አዋረዳቸው። ይህንስ ይችሉታል። የማይችሉት የእሷን ነው። ከዚያ እጃቸውን አዩት። እጃቸው ገና አይንቀጠቀጥም።

«ነይ» አሉ። «ማይኩ ጋ ቁሚ፣ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ፉጨቱ ሲጀምር እጅሽን አንሺ፤ ሲጠፋ አውርጂ።»

ከሚክሰሩ ጎን ኢኳላይዘር የሚሉት ሳጥን አለ፤ ድምፅን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በሠላሳ አንድ ትንንሽ ቁልፎች ከፋፍሎ የያዘ። የሚያፏጨውን ድምፅ ፈልጎ የእሱን ቁልፍ ብቻ ዝቅ ማድረግ ነው። ጆሮ ላለው ሰው የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ጋሽ ሽቦ ግን የሚያዩት የልጃቸውን እጅ ብቻ ነበር። እጇ ይነሳል፤ እሳቸው ከቀኝ ጀምረው ቁልፎቹን ተራ በተራ ይነካካሉ፤ አይወርድም፣ አይወርድም፣ ከዚያ ይወርዳል። ፌደሩን ትንሽ ይገፋሉ፤ እጇ እንደገና ይነሳል። ሰባት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ድራም መቺው ጆሮውን በጨርቅ ደፍኖ ሲጠብቅ አንድም ቃል አላጉረመረመም።

በመጨረሻ ፌደሩ ግማሽ አለፈ፤ እጇም አልተነሳም።

«አሁን ዘምሪ፤ ቀስ ብለሽ።»

ሙዚቃው ጀመረ። አንድ ስንኝ ዘመረች። ድምፅዋ ከእግሯ ሥር ተነስቶ ወደ ፊቷ መጣ። አቆመች። ያንኑ ስንኝ ደገመችው። እንደገና አቆመች።

«ምነው? አፏጨ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሽቦ።

«አላፏጨም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከመድረክ ወርዳ ወደ ሚክሰሩ መጣች።

«እንዲህ ነው እንዴ የምዘምረው?» ብላ ኪቦርድ ተጫዋቹን ጠየቀችው። እሱ ዓይኑን ኪቦርዱ ላይ ጣለ።

«ነግረንሽ ነበር» አለ።

«የተሰነጠቀ ነገር ነው እኮ። አየር ብቻ ነው የሚወጣው።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አንተስ?»

«ለእኔ እንደ ድሮው ነው» አሉ። አልዋሹም። ሐኪሙ፣ ልመናው፣ የእናቷ ተረብ ያልቻለውን ሁለት ፕላስቲክ ስፒከሮች እንደ ቻሉት የገባቸው ከፊቷ ላይ አይተው ነው።

«ልጄ» የሚለውን ፌደር ራሷ እስከ ታች ሳበችው። ፕላስተሩን በጥፍሯ መላጥ ስትጀምር ጋሽ ሽቦ ጣታቸውን ጫኑበት።

«ተይው። ሁለት ወር ነው።»

ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሁለት ወር ይብቃ አይብቃ ሐኪሙም አላወቀም፤ እሳቸውም አያውቁም። ከወንበራቸው ተነሱ። ነገ ፉጨቱን የሚሰማ ጆሮ ከዚህ መቀመጥ አለበት።

«ቀስ ብለሽ ተቀመጪ» አሏት ጀርባዋን ደገፍ አድርገው፤ «አንድ እግሯ የኔ ሥራ ነው።»