የልብስ ሰፊው ግራ ባት

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊውን «አይስቴ» ይለዋል። መቀሱ ጨርቅ ላይ ካረፈ ስቶ አያውቅም፤ ይህንንም ከማንም በላይ የሚያወራው ራሱ ነው። ቦርጫሙን ኮት አልብሶ ሸንቃጣ ያስመስላል፣ ትከሻው የዘመመውንም ቀጥ ያደርጋል። የራሱን ሱሪ ሲሰፋ ግን በሩን ዘግቶ ነው። ግራ ባቱ በልጅነት ሕመም መንምኖ ስለቀረ፣ ከጉልበት በታች በገበሩ ውስጥ ጥጥ ይጠቀጥቅበታል።

ሚስቱ ታውቃለች። ደንበኛ ቢያውቅም ያን ያህል ግድ የለውም። የሚያንገበግበው የእናቱ ነገር ነው። ያኔ «ትኩሳት ነው፣ ይለቀዋል» ብለው ሐኪም ዘንድ ሳይወስዱት ሰነበቱ። ኋላ ሐኪሙ ቶሎ ቢመጣም ለውጥ አልነበረውም ቢላቸው አልሰማ አሉ። ይኸው ልጃቸው ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ፣ ሊጠይቃቸው በገባ ቁጥር ከፊቱ ይልቅ የሚያዩት ግራ እግሩን ነው። እሳቸውን ጥጥ አያታልላቸውም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ይላሉ፤ እሱም ሻዩን ሳይጨርስ ይወጣል።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሱሪ እየተለካ ስለ አንድ ቀዶ ሕክምና አወራው። ባት ውስጥ ሲሊኮን ይገባል፤ እግር ይሞላል። አይስቴ የዚያን ቀን ጣቱን በመርፌ ሲወጋ ዋለ።

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ ከጉልበቱ ጀርባ ቀደድ አድርጋ ሲሊኮኑን እንደምታስገባ አስረዳችው። መልክ እንጂ ጉልበት እንደማይሆነው፣ ማነከሱም እንደማይቀር ነገረችው።

«ማነከሱን ለምጄዋለሁ። ይሙላልኝ ብቻ» አላት።

ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ሲሊኮኖች እንደ ጨርቅ እያሸ መረመረ። ሐኪሟ ከቀኙ ጋር የሚመጣጠነውን ስታነሳ፣ እሱ ከኪሱ ሜትሩን አወጣ።

«ዶክተር፣ ይሄ ያንሳል።»

«ልክዎ እኮ ነው።»

«ዛሬ ልክ ነው። ሲታጠብስ?»

«ምኑ?»

«ታጥቦ የማይሰበሰብ ነገር የለም። እኔ ሁሌም ትንሽ አስፍቼ ነው የምቆርጠው።»

«ሲሊኮን አይሰበሰብም፣ ጋሼ። ገላዎን ቢታጠቡም ባይታጠቡም!»

ብታስረዳው፣ ብትለምነው፣ ወይ ፍንክች! የሚቀጥለው ቁጥር ካልሆነ ብሎ ችክ አለ። እሷም ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ፣ እንደሚችለው ካረጋገጠች በኋላ፣ «ኋላ እንዳይወቅሱኝ» ብላ ተስማማች።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ቁስሉ ዳነ፣ እብጠቱም ጎደለ፤ ሲሊኮኑ ግን ወይ መሰብሰብ! አይስቴ ገላውን በታጠበ ቁጥር በሜትር ይለካዋል፤ ያው ነው። ግራው ከቀኙ ወፍሮ አረፈው። ሚስቱ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሮጠች። ያ ሁሉ አይስቴነት በገዛ እግሩ ላይ ሳተ።

ቢሆንም በሕይወቱ የመጀመሪያውን ቁምጣ ሰፍቶ ለበሰና፣ ሚስቱን አስከትሎ እናቱ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ፈራ። ዛሬም ራሳቸውን ከወቀሱ፣ ከእንግዲህ የሚሞክረው ነገር የለውም።

እናቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ግራ ባቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳሰሱ፤ ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ። ከዚያ እጃቸው ወደ ቀኙ ተሻገረ፤ ፊታቸውም ተለወጠ።

«ይሄኛው ደግሞ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የከሳው?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ጤነኛው ነው!»

«ዝም በል! ዓይን የለኝም?» አሉና፣ በሩ ላይ ወደቆመችው ምራታቸው ዞረው ቆጣ አሉ። «አንቺ፣ ልጄን አታበይውም እንዴ?»

አይስቴ ከት ብሎ ሳቀ፤ እየሳቀም እንባው ወረደ። እናቱ ስለ እግሩ ሲናገሩ ሌላ ሰው ሲወቅሱ የሰማው ገና ዛሬ ነው። ሚስቱ አየችው፤ ገባትም። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣

«እውነትዎን ነው እማማ፤ ችላ ብዬው ነው» አለች።