ሁለት ቺፕ፣ አንድ እንቁላል

የሊያኦ ጂንሹ ቅናት የጀመረው በምሳ ሰዓት ነው። ሊያኦ በሺንቹ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ለሚገባ ቺፕ የሽቦ መንገድ ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው፤ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነውን ሽቦ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ በኮምፒውተር ይዘረጋል። አለቃው ጡ ምሳ የሚበላው ዘወትር ከእሱ ጋር ነበር። ሹዌ ፔይቹን የምትባል የሠላሳ ዓመት ልጅ ከተቀጠረች ወዲህ ግን የምሳ ሳጥኑን ይዞ ከእሷ አጠገብ ቁጭ! አንድ ቀን በአኩሪ አተር መረቅ የተቀቀለ እንቁላሉን አንስቶ ሰጣት። ለአንድ እንቁላል! አዎ፣ ለአንድ እንቁላል የሊያኦ አንጀት አረረ። ከዚያ ወዲያ ስታናግረው ፊቱን ያዞር ጀመር።

አዲሱ ሥራ ቺፕ በቺፕ ላይ መደረብ ነበር። የላይኛው የሊያኦ፣ የታችኛው የፔይቹን። ሁለቱ እንደ መዳፍ ፊት ለፊት ስለሚገጥሙ የአንዱ ንድፍ በመስታወት እንደሚታይ መገልበጥ አለበት። በደንቡ የሚገለበጠው የላይኛው ነው። ሥራው ሲያልቅ ከሁለቱ አንዱ የቡድን መሪ ይሆናል፤ ሊያኦ ያንን ወንበር እንደ ነፍሱ ይፈልገው ነበር።

ንድፉ ወደ ፋብሪካ ሊላክ ሦስት ቀን ሲቀረው የእሷን ፋይል ከፈተ። ተገልብጧል!

«አይ ጎበዟ!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ሊነግራት ይገባ ነበር፤ አልነገራትም። ሦስቱንም ቀን እየሳቀ ሰላም አላት። እንዲያውም የራሱን እንቁላል ሰጣት፤ ምን ዓይነት ሰው ነው በሉ!

በመጨረሻው ስብሰባ በሰው ሁሉ ፊት ተነሣ።

«እሜቴ ፔይቹን የታችኛውን ገልብጣዋለች! እኔ ባላየው ጉዳችን ፈልቶ ነበር!»

«እውነት ነው ወይ?» አለ አለቃ ጡ።

«እውነት ነው» አለች። ከዚያ ወደ ሊያኦ ዞራ በቀስታ፣ «ጋሽ ሊያኦ፣ በቃ ተዉት፣ ይቀመጡ» አለችው።

«አልቀመጥም! የእኔ፣ የላይኛው፣ በደንቡ ተገልብጧል፤ ይከፈትና ይታይ!»

ተከፈተ። የሊያኦ ቺፕ ሳይገለበጥ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ረስቶታል።

«ያየሁት ከወር በፊት ነው» አለች ፔይቹን። «ልነግርዎ ሁለቴ መጣሁ፤ ፊትዎን አዞሩብኝ። ላሳጣዎት ስላልፈለግኩ የእኔን ገልብጬ ሽቦውን እንደ አዲስ ዘረጋሁት። አሁን ይገጥማሉ።»

ወንበሩ ለማን እንደሆነ መናገር አያሻም። በምሳ ሰዓት ፔይቹን ሳጥኗን ይዛ ከሊያኦ አጠገብ ተቀመጠች፤ እንቁላሏንም አንስታ ሩዙ ላይ አኖረችለት።

«ይብሉ እንጂ፣ ጋሽ ሊያኦ» አለችው።

እያነቀው በላ።