ፈረሱ ሲዞር አያቴ ያሉት

ቡሬ ገበያ ውስጥ ጋሪ ባጠገቤ ሲያልፍ የፈረስ ላብ ከሸተተኝ፣ ያለሁበትን ረስቼ የአጎቴ የይስማው ለቅሶ ላይ እገኛለሁ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ የወተት ጥርሴን ገና ለውጬ አልጨረስኩም።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብላ፣ በአማራና በአገው መንደሮች መካከል ነበረች። አባቴ አማራ፣ እናቴ አገው። ስድቡንም ምርቃቱንም በሁለት ቋንቋ እየጠገብን አደግን። የእናቴ እናት፣ አያቴ፣ አብረውን ይኖሩ ነበር። አማርኛ ለገበያ ያህል ይችላሉ፤ "ለሆድ ግን አይበቃኝም" ይሉ ነበር። አባቴን በአገውኛ ይጠይቁታል፣ እሱ በአማርኛ ይመልስላቸዋል፤ ሲጋጩ ሰምቼ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ደመወዜ ቆሎ ነው፤ ሳያዘግኑኝ አይቀሩም።

ይስማው የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። አንድ ቀን ጨው ሊገዛ ቡሬ እንደወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። ዳማ ፈረሱ ኮርቻውን እንዳዘለ ብቻውን ቤት መጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ይስማው የሰማነው መርዶውን ነው።

በእኛ አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል። የሟቹ ልብስ ኮርቻው ላይ ተደርጎ በለቅሶው መሃል ይዞራል፤ የሚያለቅሰውም ፈረሱን እያናገረ ያለቅሳል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያየው ፈረሱን ነው።

የዚያን ቀን ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ለቅሶው ዳር ቆሞ ነበር። የመጣው ለሚቀጥለው ዙር ወጣት ሊመለምል ነው። አጠገቡ፣ በትእዛዝ ወጣት የሚያሳፍሱት የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አያ ታከለ ቆመዋል። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ "አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል" እያለ ሲያስጠነቅቀን ነበር። ጅጋ በኩል አንድ አባት ለቅሶ ላይ በተናገሩት ቃል ተወስደው በዚያው ቀርተዋል።

አያቴ ግን የዳማውን ልጓም ያዙና በአገውኛ ጀመሩ። ጌታህን ከገበያ የወሰደብህ፣ ደጅ ደጁን እያየ ልጁን ሲጠብቅ ይኑር፤ የተቀመጠበት ወንበር ይገልበጥ አሉት። ቋንቋውን የሚሰሙት ሴቶች ለቅሷቸውን አቆሙ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

ካድሬው ዝምታውን ልብ አለው። "አሮጊቷ ምንድን ነው የምትለው?" ሲል አያ ታከለን ጠየቃቸው።

"እኔ አገውኛ አልሰማም፣ ጓድ" አሉ። "ይችን ልጅ ጠይቃት። ልጅ አይዋሽም።"

አባቴን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። እሱንም አያቴንም ሲወስዷቸው ታየኝ።

"ፈረሱን ነው የሚያናግሩት" አልኩ። "ጌታህ ላገሩ ብሎ ወደቀ፣ እንግዲህ አትጠብቀው፣ ሣርህን ብላ ነው የሚሉት።" ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ካድሬው "ጥሩ እናት ናት" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። አያ ታከለ ግን ጥቂት ወደኋላ ቀሩ። ከማዶ መጥተው አጠገባችን ከሰፈሩ ጀምሮ ከአማርኛ ሌላ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። አያቴ ፊት ጎንበስ አሉና፣ ከእናት ጡት ጋር በተጠባ አገውኛ፣ "እርግማንዎ ደርሶኛል፤ የእኔም ልጅ እዚያው ግንባር ነው" አሏቸው።

ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። አያቴ ልጓሙን ለቀው እጃቸውን ያዙ፤ ሁለቱ አብረው አለቀሱ። ማታ አያቴ እንደ ልማዳቸው ቆሎ አዘገኑኝ። አልጣመኝም።

ያኔ እቤታችን ውስጥ ማንም ዘርህ ምንድን ነው ተብሎ አይጠየቅም ነበር። ዛሬ መናኸሪያ ላይ "ከየት ነሽ?" ሲሉኝ መልሱን የምፈራበት ጊዜ አለ። አያቴም እናቴም ካረፉ ወዲህ በአገውኛ የማዋራው ሰው አጣሁ። ልጆቼ የዚያን ቀኑን ነገር ሲጠይቁኝ ትርጉሙን አጫውታቸዋለሁ። "እስቲ በራሳቸው ቋንቋ በዪው" ሲሉኝ ግን አልችልም። የአያቴ ቃል ከነዜማው ጠፍቶኛል፤ ያንገበግበኛል። የእኔ ውሸት ግን አንድም ሳይጎድል አለ፦ ጌታህ ላገሩ ብሎ ወደቀ፣ እንግዲህ አትጠብቀው፣ ሣርህን ብላ።