ሰመሩ እስኪያልፍ

ትናንት ፌርፋክስ መንገድ ላይ በምሠራበት የሐበሻ ምግብ ቤት አንድ የቱሪስት ቤተሰብ ገባ። ከባሕሩ በቀጥታ የመጡ ናቸው፤ እግራቸው አሸዋ ነው፣ የተቀቡት የጸሐይ ክሬም ሽታ ከወጡ ሽታ ቀድሞ አፍንጫዬን መታኝ። ትሪውን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ምንም አላደረጉኝም። ግን ያ ሽታ እህቴ ሰዓዳ ከሥራ ስትመለስ ልብሷ ላይ የምታመጣው ሽታ ነበር።

እታለም ነበር የምላት። ከደሴ ስታመጣኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ባሕሩ አጠገብ ባለ ሆስፒታል፣ ኢመርጀንሲ ውስጥ በረዳትነት ትሠራ ነበር። ሰመር፣ የዚህ አገር የሙቀት ወራት፣ ሲመጣ ትጠፋብኛለች። ከየአገሩ የመጣውን እንግዳ ጸሐይ ያቃጥለዋል፣ ማዕበል ይጥለዋል፣ አሸዋ ውስጥ የሚተኛ ጅራቱ እሾህ የሆነ ዓሣ እግሩን ይወጋዋል። ለዚህኛው ሕመም ማስታገሻው ሙቅ ውሃ ነው። እታለም ሳፋ ተሸክማ ስትመላለስ ትውላለች።

“የእንግዳ እግር ማጠብ ወሎን ለቅቄም አልቀረልኝ!” እያለች ትስቃለች።

እኔ አልስቅም። ሌላው ልጅ በሰመር ይዋኛል፤ እኔ ባሕር የምሄደው በጥቅምት፣ ጃኬት ለብሼ ነው። “ሰመሩ ይለፍ” ነው መልሷ፣ ሁልጊዜ።

ስትመለስ እግሯ አብጦ ነው። ለሷም በሳፋ ሙቅ ውሃ አቀርባለሁ። እብጠቱን በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀራል። ጨዋታ መስሎኝ ደጋግሜ እጫን ነበር።

“ተው አንተ፣ ዳቦ ልትጋግርብኝ ነው?”

“ቀኑን ሙሉ ስለምቆም ነው” ትል ነበር። አመንኳት። ባለፈው ሰመር ግን እብጠቱ ጉልበቷ ደረሰ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር።

“እዚያው እየሠራሽ ለምን አትታዪም?” ብዬ ጮኽኩባት።

“ሰው ኮሪደር ላይ ተኝቶ የማንን አልጋ ልውሰድ? እንግዳ ሳይነሳ የቤት ሰው ይቀርባል እንዴ? ሰመሩ ይለፍ፣ ማሙሽ።”

ነሐሴ ላይ ልቧ ቆመ።

በማን እንደምናደድ አላውቅም። በእንግዶቹ እላለሁ። በሆስፒታሉ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በሷ ነው። ለኔም ባሕሩን፣ ለራሷም ሐኪሙን፣ ሁሉን ለሰመር ማለቂያ አስቀመጠችው።

በጥቅምት የሥራ መታወቂያዋን ልመልስ ወደ ኢመርጀንሲው ሄድኩ። ሰመሩ አልፏል፤ የተራ መጠበቂያ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። አልጋዎቹ ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፏል፣ ሳፋዎቹ ግድግዳ ሥር ተደራርበው ተደፍተዋል። ተራዬን ልጠብቅ ወንበር ስስብ፣ የመዝገብ ሠራተኛዋ ቀና አለች።

“ና፣ ምን ልርዳህ?”

ሳልቀመጥ ተጠራሁ።